የማያውቁትን ቃል በንባብ ስለ መማር

ልጆች ሆይ፤ ንባብ የሚማር ሰው ፊደሉን ሁሉ ለይቶ ካወቀ በኋላ ደግሞ ሌላ መሰናክል ያገኛል። ፊደሉን ያያል፤ ድምፁንም በአፉ ያወጣዋል፤ ቃሉ ግን ምን ማለት እንደ ሆነ አያውቅም። ያን ጊዜ ሁለት መንገድ በፊቱ አለ። አንዱ «ይህን ቃል አላውቀውም» ብሎ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው እንደሚያውቅ ሰው ሆኖ ድምፁን ከፍ አድርጎ ማለፍ ነው። እኔ በልጅነቴ በሁለተኛው መንገድ ሄጄበታለሁና ወዴት እንደሚያደርስ ልነግራችሁ እችላለሁ።

ዕድሜዬ ዘጠኝ ዓመት በሆነ ጊዜ ከየኔታ ዘንድ ዳዊት ደግሜ ነበር። በመንደራችን ከካህናቱ በቀር ማንበብ የሚችል ሰው ጥቂት ስለ ነበረ፣ ሰዎች ደብዳቤ ሲመጣላቸው እኔን ይጠሩኝ ጀመር። እኔም በዚህ እጅግ ኰራሁ። አባቴ ዕንጨት ፍለጡ ቢለኝ የማልሰማ ልጅ፣ ደብዳቤ አንብብ ሲሉኝ ግን ነጠላዬን አስተካክዬ እሮጥ ነበር።

ከቤታችን በታች አንዲት ባል የሞተባቸው አሮጊት ይኖሩ ነበር። ወንድ ልጃቸው ሚስቱን ይዞ ለንግድ ወደ ሩቅ አገር ሄዷል። ሲሄድም ከአንድ ባለጠጋ ገንዘብ ተበድሮ፣ የእናቱን አንዱን በሬ መያዣ አድርጎ ነበር። እናቲቱ ብድሩን ያውቃሉ፤ ስለ አከፋፈሉ ግን ልጁ ከአበዳሪው ጋራ ለብቻው ተዋውሎ ነበርና ቀኑን አያውቁም። ሚስቱም ፀንሳለች የሚል ወሬ ደርሶን ነበር።

በታኅሣሥ ወር ከዚያ ልጅ ደብዳቤ መጣ። እማማ (ሁላችንም እንዲህ ብለን እንጠራቸው ነበር) ጠሩኝና በመደቡ ላይ አስቀመጡኝ፤ ልጃገረዲቱ ልጃቸውም አጠገባቸው ተቀመጠች። ከሰላምታው በኋላ የደብዳቤው ቃል አጭር ነበረ፤ እንዲህም ይል ነበር፤ «ወለዱ ደርሷል ያላችሁን አዘጋጁልኝ ለጥር ሚካኤል እመጣለሁ»።

«ወለዱ» ከሚለው ቃል ስደርስ ጥቂት ቆምሁ። ከዚያም ለ የሚለውን ፊደል አጥብቄ፣ ሰዎች ልጅ ወለዱ እንደሚባለው አድርጌ አነበብሁት። እማማ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እልል አሉ። ልጃቸውም እልል አለች። ጎረቤት ተሰበሰበ። እኔንም አገላብጠው ሳሙኝ።

ልጆች ሆይ፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በዚያ ሰዓት ልቤ ተጠራጥሮ ነበር። «ወለዱ» ካለ በኋላ «ደርሷል» የሚለው ቃል አልገጠመልኝም። ወላዶቹ ብዙዎች ከሆኑ ደርሰዋል ይባላል እንጂ ደርሷል አይባልም። ደርሷል የተባለው አንድ ነገር ነው፤ ምንድር ነው የደረሰው? ይህ ጥያቄ በአፌ ላይ መጥቶ ነበር። የየኔታም ቤት ሩቅ አልነበረም፤ ሮጬ ሄጄ መመለስ እችል ነበር። ነገር ግን ያ ሁሉ ሰው እያየኝ፣ ያ ሁሉ እልልታ ከተባለ በኋላ «ቈዩኝ፤ ቃሉን አላወቅሁትም» ማለት አፈርሁ። ስለዚህም ዝም አልሁ።

እማማ ለክፉ ቀን በእንስራ ውስጥ ያስቀመጡትን ብር አወጡ። ማር ተገዛ፤ ጠላ ተጠመቀ፤ ሙክት ተገዝቶ ታሰረ። የጥር ሚካኤል ዕለት ልጁ መጣ። ብቻውን ነበረ። ሚስቱ ገና አልወለደችም። እርሱ የጻፈው ስለ ገንዘቡ ወለድ ነበረ፤ ብድሩ የወለደውን ትርፍ መክፈያው ቀን ደርሷልና ያላችሁን ብር አዘጋጁልኝ ማለቱ ነበር። ብሩ ግን ጠላና ማር ሆኗል። በየካቲት ወር አበዳሪው በውሉ መሠረት መጥቶ በሬውን ከበረት አውጥቶ ነዳው። ከዚያ ወዲያ እማማ አንድ በሬ ብቻ ስለ ቀራቸው፣ ከጎረቤት አንድ በሬ ጋራ በመቀናጆ ያሳርሱ ጀመር፤ ተራቸውም ዘወትር ከባለቤቱ በኋላ ነበረ። በዚያ ዓመት የዘሩት ጤፍ ዘግይቶ ተዘርቶ ፍሬው ቀጨጨ።

እኔን አልተቈጡኝም። «አንተ ምን ታደርግ፤ ልጅ ነህ» አሉኝ። ቢገርፉኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሁለት ዓመት በኋላ አባቴ ወደ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ወሰደኝ። እዚያ ሂሳብና ጂኦግራፊ፣ ደግሞም የአማርኛ ንባብ እንማር ነበር። አንድ ቀን መምህራችን አንድ መጽሐፍ ይዘው ገቡና ከፊታችን አድርገው ርእሱን አንብቡ አሉን። በላዩ «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ተጽፎአል። ተማሪው ሁሉ እጁን አነሣ። እኔ ግን ያን ቃል ባየሁ ጊዜ የእማማ በሬ ከበረት ሲወጣ የታየኝ መሰለኝ፤ ላብም አጠመቀኝ። ስሜን ጠርተው አንብብ ባሉኝ ጊዜ ተነሥቼ፣ «መምህር፤ ለ ይጠብቃል ወይስ ይላላል?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጆቹ ሳቁብኝ። መምህሩ ግን አልሳቁም። ጥቍር ሰሌዳውን ጠርገው የዚያን ዕለቱን ትምህርት በሙሉ በዚህ ጥያቄ ላይ አደረጉት።

እንዲህ ሲሉ አስተማሩን። የአማርኛ ጽሕፈት ድምፁን በብዙው ይነግረናል፤ አንድ ነገር ግን ይደብቅብናል፤ እርሱም ፊደሉ ጠብቆ ወይም ላልቶ መነበቡን ነው። ገና የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ና ቢጠብቅ የልደት በዓል ነው፤ ቢላላ ጊዜው አልደረሰም ማለት ነው። አለ የሚለውም ቃል ለ ቢጠብቅ መኖርን፣ ቢላላ መናገርን ያመለክታል። ወለድም እንዲሁ ነው። ሲላላ የገንዘብ ወለድ ነው። ገንዘብ ልጅ እንደሚወልድ ሁሉ ብድሩ ሌላ ብር ስለሚወልድ ይህ ስም ተሰጠው። ሲጠብቅ ግን የተወለደ ማለት ነው። ስለዚህ ልብ ወለድ ማለት ከልብ የተወለደ፣ በሐሳብ የተፈጠረ ታሪክ ማለት ነው። ልብ በአማርኛ የደረት ሥጋ ብቻ አይደለምና። ልብ በል ስንል አስተውል ማለታችን ነው፤ ልብ ገዛ ስንል አእምሮው በሰለ ማለታችን ነው።

ይህን መጽሐፍ የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። የተወለዱት በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ነው። በኋላም ወደ ኢጣልያ ሄደው በናፖሊ ከተማ አማርኛ ያስተምሩ ነበር። መጽሐፉ በ1900 ዓመተ ምሕረት በሮማ ታተመ። ከዚያ አስቀድሞ በአገራችን ገድልና ተአምር፣ የነገሥታት ዜና መዋዕልና የትርጓሜ መጻሕፍት ነበሩ እንጂ፣ እንዲህ ያለ ከአንድ ሰው ሐሳብ ብቻ የፈለቀ ረጅም ታሪክ በአማርኛ ታትሞ አልታየም ነበርና፣ ሊቃውንት የአማርኛ ልብ ወለድ መጀመሪያ ይሉታል። ነገሩ አዲስ ስለ ነበረ ስምም አልነበረውም። በመጽሐፉ ርእስ ላይ የቆመው ልብ ወለድ የሚለው ቃል፣ ኋላ ከእርሱ በኋላ ለተጻፉት እንዲህ ላሉት መጻሕፍት ሁሉ ስም ሆኖ ቀረ። መጽሐፉ ራሱ ግን ዛሬ በይበልጥ የሚታወቀው ጦቢያ በሚለው ስም ነው። ጦቢያ በታሪኩ ውስጥ ያለችው ልጅ ስም ነው፤ ደግሞም ኢትዮጵያ የሚለው ስም በሰው አፍ ሲያጥር ጦቢያ ይባላል። አንድ መጽሐፍ ገና ሳይገለጥ ከሽፋኑ ይህን ያህል ካስተማረን፣ ውስጡ ምን ያህል ይሆን ብለን ተደነቅን።

ከዚያም ማንበብ ጀመርን። እውነቱን ለመናገር ቀላል አልነበረም። የጸሐፊው አማርኛ እጅግ ያጌጠ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩም ይረዝማል፤ ማሰሪያው ላይ እስክትደርስ ድረስ መነሻውን ትረሳዋለህ። እኔ የመጀመሪያውን ገጽ ሦስት ቀን አነበብሁት። ባልንጀራዬ የማያውቀውን ቃል ሁሉ በወረቀት ላይ እየጻፈ ጀመረና ወረቀቱ ሞልቶ ታሪኩ ጠፋበት። መምህሩም አይተው፣ «አስቀድመህ እስከ ማሰሪያው ድረስ አንብብ፤ ቃሉን ኋላ ትይዘዋለህ። በመንገድ ላይ ባለ ድንጋይ ሁሉ አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ከገበያው አይደርስም» አሉት። ከዚህ በኋላ ለአንድ ቀን ከሦስት ወይም ከአራት ቃል በላይ እንዳንይዝ አዘዙን፤ እነዚያንም ያለ እነርሱ ታሪኩ የማይገባንን መርጠን ነበር። በመጽሐፉ ጠርዝ ላይ መጻፍ ግን ፈጽሞ ክልክል ነበር፤ መጽሐፉ ከእኛ በኋላ ለሚመጣው ተማሪም ነውና።

ታሪኩ እንዲህ ነው። አንድ የጦር አለቃ በጦርነት ድል ሆኖ በአረማውያን እጅ ይማረካል። ሁለት መንታ ልጆች አሉት፤ ወንዱ ዋሕድ፣ ሴቲቱ ጦቢያ ይባላሉ። አንድ ያላወቁት ቸር ነጋዴ የቤዛውን ገንዘብ ይሰጣል፤ አባትየውም ነጻ ይወጣል። ዋሕድ ግን ያን ውለታ ሳይመልስ መኖር ከብዶት ነጋዴውን ፍለጋ ከቤቱ ይወጣል፤ በመንገድም ሌላ መከራ ያገኘዋል፤ በባርነት ይያዛል። ጦቢያ ደግሞ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትነሣለች። ከዚህ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ አንብቡት።

አሁን ከዚህ ታሪክ ስንት ቃል እንደ ለቀምን ተመልከቱ። መማረክ ምን እንደ ሆነ ያላወቀ ልጅ አባትየው ታስሮ ሲወሰድ ባነበበ ጊዜ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል። አንዱን ካወቀ ዘመዶቹን ደግሞ ያገኛቸዋል፤ ማረከ፣ ምርኮ፣ ምርኮኛ፣ ማራኪ። ማራኪ ጠላቱን የሚይዝ ጦረኛ ነው፤ ነገር ግን ያማረ ነገርም ማራኪ ይባላል፤ ዐይንንና ልብን እንደ ምርኮኛ ይዞ ይወስዳልና። ቃል እንደ ሰው ቤተ ዘመድ አለው፤ አንዱን ስትተዋወቀው ወንድሞቹ ሰላም ይሉሃል። ወለደ ከሚለውም ልደት፣ ወላጅ፣ ትውልድ፣ ተወላጅ ይመጣሉ፤ ያ እኔን ያሳፈረኝ ወለድም ከእነርሱው ቤት ነው።

ቤዛ የሚለውን ቃል ሁላችንም በቤተ ክርስቲያን ሰምተነው ነበር፤ ነገር ግን ትርጓሜውን አንድም ልጅ በትክክል አልተናገረም። ብዙ ጊዜ የሰማነውን ቃል የምናውቀው ይመስለናል፤ እንዲህ ያለው ከማናውቀው ቃል ይልቅ ያሳስታል፤ አንጠይቅበትምና። ነጋዴው የሰውየውን ነጻነት በገንዘቡ እንደ ገዛ ባነበብን ጊዜ ግን ቤዛ ማለት የተያዘውን ሰው ለማስለቀቅ የሚከፈል ዋጋ፣ ወይም ስለ ሌላው ራሱን የሚሰጥ ሰው መሆኑ ተገለጠልን። ተቤዠ የሚለውም ከዚሁ ነው። ከእኛ አንዱ በዚህ ቃል እጅግ ደስ ብሎት ቅዳሜ ገበያ ወጣና ባለሱቁን «የዚህ እርሳስ ቤዛ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀው። ባለሱቁም «እርሳሱን ማን ማረከው?» ብሎ መለሰለት። እስከ ፋሲካ ድረስ ሳቅንበት። ነገር ግን ከሁላችን ይልቅ ያን ቃል የማይረሳው እርሱ ነው፤ አዲስ ቃል በአፍ ካልተሞከረ አይያዝምና።

ስለ ዋሕድ ስም ደግሞ አንድ ልጅ ተነሥቶ፣ «መምህር፤ ዋሕድ በግዕዝ አንድ፣ ብቸኛ ማለት ነው። መንታ እኅት ያለችው ልጅ ስለ ምን ብቸኛ ተባለ?» ብሎ ጠየቀ። መምህሩ ጥቂት አሰቡና፣ «እኔም አላሰብሁበትም ነበር፤ እናንተስ ምን ትላላችሁ?» አሉ። ከወንድ ልጅ እርሱ ብቻ ስለ ሆነ ነው ያለ ነበር፤ ኋላ ብቻውን ስለሚሰደድ ነው ያለም ነበር። እኔን የደነቀኝ ግን መምህሩ በአርባ ተማሪ ፊት «አላሰብሁበትም ነበር» ማለታቸው ነው። ምንም አልጐደለባቸውም።

ውለታ የሚለውን ቃል ግን የያዝሁት ከመጽሐፉ ብቻ አይደለም። ውለታ ዋለ ከሚለው ጋራ አንድ ነው፤ ሰው ለሰው በችግሩ ቀን የሚውልለት መልካም ነገር ነው። ውለታ የዋለልህ ሰው ባለውለታህ ይባላል፤ የተደረገለትን የሚረሳም ውለታ ቢስ ይባላል። ዋሕድ የአባቱን ባለውለታ ፍለጋ መውጣቱን ባነበብሁ ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ውለታ ብቻ ሳይሆን ዕዳ ነበረብኝ።

ዛሬ ለእናንተ ብዙ ረዳት አላችሁ። የደስታ ተክለ ወልድ የአማርኛ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓመተ ምሕረት ታትሟል፤ የግዕዙን ሥር የሚፈልግም በ1948 ዓመተ ምሕረት የታተመውን የኪዳነ ወልድ ክፍሌን መዝገበ ቃላት ይገልጣል። ነገር ግን ወደ መዝገበ ቃላት ከመሮጥ በፊት የቃሉን ጎረቤቶች ጠይቁ። ከፊቱ ማን አለ? ከኋላው ማን አለ? ማሰሪያው አንድ ነው ወይስ ብዙ? ሴት ነው ወይስ ወንድ? እኔ በዚያ ቀን «ደርሷል» የሚለውን ቃል ጠይቄው ቢሆን ኖሮ እውነቱን ይነግረኝ ነበር። ጎረቤቶቹ ባይመልሱላችሁ መዝገበ ቃላቱን፣ እርሱም ባይኖር ሰውን ጠይቁ። ያገኛችሁትንም በደብተራችሁ ስትጽፉ ፍቺውን ብቻ አትጻፉ፤ በራሳችሁ አሳብ አንድ ዓረፍተ ነገር ሠርታችሁ ቃሉን በውስጡ አኑሩት። የሚጠብቀውን ፊደል ደግሞ ከላዩ ነጥብ አድርጉበት፤ እኔ እስከ ዛሬ እንዲህ አደርጋለሁ።

በዚያ ዓመት ክረምት ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ መምህሩን አስፈቅጄ መጽሐፉን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ አገሬ ይዤ ሄድሁ። በማግሥቱ ወደ እማማ ቤት ወረድሁ። ዝናብ ይዘንብ ነበር። እርሳቸው እሳት ዳር ጥጥ ይፈትላሉ። «እማማ፤ ታሪክ ላንብብልዎ» አልኋቸው። «ደግሞ ማን ወለደ?» አሉኝና ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ከዚያ በፊት በአፌ ያልተናገርሁትን ያን ጊዜ ነገርኋቸው፤ ቃሉን እንዳላወቅሁት፣ እንደ ተጠራጠርሁም፣ ስለ ማፈሬም ዝም እንዳልሁ። እንዝርታቸውን አቁመው ሰሙኝ። ብዙ ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ «በል፤ እሳቱን ቆስቁስና አንብብ» አሉኝ።

በየማታው አነበብሁላቸው። የማላውቀው ቃል ሲመጣ «ይህን አላውቀውም፤ ነገ የኔታን እጠይቃለሁ» እያልሁ አልፍ ነበር፤ በማግሥቱም ማታ ከሁሉ አስቀድመው «ያ ቃል ምን ሆነ?» ይሉኝ ነበር። ቸሩ ነጋዴ የቤዛውን ገንዘብ ከሰጠበት ስንደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ይህ ነጋዴ» አሉ፤ «ወለድ ጠየቀ?»

ለ የሚለውን ፊደል አላልተው፣ ቀስ ብለው ነበር የተናገሩት።

«አልጠየቀም» አልኋቸው።

«እንግዲያው ቀጥል» አሉኝ።